በሩን ማን ከፈተው?

መስከረም 12

ለልጄ ለጥያቄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከደነቆረው ጆሮዬና ከሚቆረጥመኝ ጉልበቴ ጋር አለሁ፣ ተመስገን። ያለሽበትን አገር ብርድ ያለዝብልሽ፤ የበላሽው ይስማማሽ፤ የያዝሽው ይበርክትልሽ። ምርቃት የምታውቀው አክስትሽ ነበረች፤ እኔ ከእሷ ሰምቼ የቀረልኝን ነው የጻፍኩልሽ። የጎደለውን አንቺው ሙዪበት።

ነሐሴ ላይ የላክሽው የማጽናኛ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስድስት መስመር ናት፤ ቆጥሬያታለሁ። ልጅ ሳለሽ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠሽ፣ «ቁልፍ ለምን ጥርስ ኖረው? ጥርስ ካለው ምን ይበላል?» እያልሽ ሥራ ስታስፈቺኝ ነው ጥያቄ የሚለው ስም የወጣልሽ። በስድስቱ መስመር ውስጥ ግን አንድም ጥያቄ አልነበረም። ምን አመማት አላልሽም፣ እንዴት ሞተች አላልሽም። ሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት። ዝምድናችን ሲቆጠር ሩቅ ነው፣ እናትሽ የአክስቴ ልጅ ናት። ግን እኛ ልጅ ስላልወለድን፣ አንቺም እናት አባት ስለሌለሽ፣ ሩቁ ቅርብ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚህ የሚሸጠው ሞረድ ወፍራም ነው፤ የዘንድሮ ቁልፎች ደግሞ ጥርሳቸው እንደ ሕፃን ጥርስ ነው። ቀጭን ሞረድ ካገኘሽ ላኪልኝ። ጎረቤቴ ጫማ ሠሪው «ከሞረዱ በፊት መነጽር አስልክ» ይለኛል። እሱ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት መንገደኛ እየለመነ፣ የኔን ዓይን ይሰድባል።

ሁለተኛውን ነገር እንዴት እንደምጽፈው ሦስት ቀን አሰብኩ። አንቺ የምትሠሪው በሽታ ከእንስሳ ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር የሚመረመርበት ቤት ውስጥ ነው፤ የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ችኩልን ታስታውሻታለሽ፣ ጋሪዬን የምትጎትተዋን ባዝራ። ስሟ ችኩል፣ ሥራዋ ዝግታ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ሲብስ ጥላ ታግኝ ብዬ ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር አሰርኳት። ዛፉ ላይ የሌሊት ወፎች ይሰቀላሉ። ፍሬውን ግማሹን በልተው ግማሹን ይጥሉታል፣ እሷ ደግሞ የወደቀውን ትለቅማለች። ሰኔ 1 ቀን ታመመች፤ ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣ ጀመር። በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩላት። አክስትሽ ደረቷ ደካማ ስለነበረ «አንቺ አትጠጊ፣ እኔ እበቃለሁ» ብዬ ከለከልኳት፣ እሺ አለችኝ። ሸሚዜን አውልቄ ሰጠኋት፣ በሳሙና በእጇ አጠበችው። ሰኔ 5 ችኩል ሞተች። ሰኔ 11 አክስትሽን ትኩሳት ያዛት። ሰኔ 18 ዐረፈች። እኔን አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰኝም።

ሐኪሞቹ በኋላ መጥተው በሽታው ከሌሊት ወፍ ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ ሰው የሚሻገር ነው አሉኝ። ከፈረሷ ወደ እሷ በምን ተሻገረ ብዬ ስጠይቃቸው «ማን ያውቃል» ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ልጄ፣ ሸሚዜ ነው ወይ? ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ ወይ? ይሄን ብቻ ንገሪኝ።

ይህ ደብዳቤ እንደ ልማዴ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ጓደኛ ይጠብቃል። ሦስት ደብዳቤ ሳይሞላ ፖስታ ቤት አልሄድም፣ አንድ መንገድ ለሦስት ነው። አክስትሽ «ደብዳቤ ቁልፍ መሰለህ እንዴ የምትሰቅለው?» ትለኝ ነበር። ቢዘገይብሽ አትቀየሚኝ።

አጎትሽ ቁልፍ ሠሪው


ጥቅምት 9

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ቁርጥማቱን ወደማይመለስበት ይውሰድልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሞረዱን ልኬያለሁ፤ ለጥርስ ሐኪም የሚሸጥ ነው፣ ከዚያ የቀጠነ አላገኘሁም።

የምኖርበት ክፍል አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ይዟል። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ሥራ ቦታ ደግሞ የሚገባው ሁለት ጓንት፣ መነጽርና ካባ ተደርጎ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሰው አይነካኝም፣ እኔም ሰው አልነካም። ቅዳሜና እሑድ ድምፄን ሳልሰማው የማልፍበት ጊዜ አለ። ሰኞ ጠዋት ለጥበቃው ሰላምታ ስሰጥ ጉሮሮዬ ይያዝና ያስለኛል። እሱም ሁልጊዜ «ደግሞ ጉንፋን ያዘሽ?» ይለኛል።

የጠየቁኝን ከሥሩ ልጀምር። ቫይረስ አይበላም፣ አይራመድም። ብቻውን ሲሆን መንገድ ላይ እንደ ወደቀ ቁልፍ ነው። የሰው አካል የተሠራው ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ቤቶች ነው፤ ቫይረሱ ከእነዚህ አንዱ ውስጥ ካልገባ ምንም ማድረግ አይችልም። ከገባ ግን ባለቤቱን አስገድዶ የራሱን አምሳያ ያስመርተዋል። የሚገባበት መሣሪያ ላዩ ላይ እንደ እሾህ የቆመ ፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ጫፍ በሴሉ ግድግዳ ላይ ካለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ልክክ ካለ ይያያዛል፣ ካላለ ተንሸራቶ ያልፋል። የእንስሳ በሽታ ሁሉ እኛን የማይዘን ለዚህ ነው። የዚህኛው ቫይረስ ፕሮቲን ግን የሌሊት ወፍንም፣ የፈረስንም፣ የሰውንም በር ይገጥማል፤ በሩ በሦስታችንም ላይ አንድ ዓይነት ነውና። የሌሊት ወፏ አብራው መኖርን ስለለመደች አያማትም።

እኛ ሕያው ቫይረስ አንነካም። ፕሮቲኑን ብቻ አሠርተን ጉዳት በሌለው ባዶ ቀፎ ላይ እንተክለዋለን። ቀፎው ሴል ውስጥ መግባት ከቻለ ሴሉ ብርሃን እንዲሰጥ አድርገነዋል። ብርሃን ካለ ገብቷል ማለት ነው፣ ከሌለ አልገባም። እኔ የምሠራው ያንን ብርሃን መቁጠር ነው።

ስለ ሸሚዙ፦ የቫይረሱ ልብስ ስብ ነው፣ እሾሆቹ የተተከሉትም በዚያ ስብ ላይ ነው። ሳሙና ስቡን ያፈርሰዋል፣ እሾሆቹም መቆሚያ ያጣሉ። ስለዚህ በሳሙና በታጠበ ሸሚዝ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ከመታጠቡ በፊት ስለነበረው ጊዜ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። በእኛ ሙያ የዚህ ጥያቄ መልስ «ምናልባት» ነው።

ራስዎን አይጉዱ። ምግብ በሰዓቱ ይብሉ።

ልጅዎ


ጥቅምት 27

ለልጄ ለጥያቄ፣

ጤና ይብዛልሽ፤ ብቻሽን አትቅሪ፤ ጥበቃውንም ፈጣሪ ይስጠው፣ ሰኞ ሰኞ የሚጠይቅሽ እሱ ነውና። ሞረዱ ደርሶኛል። ጫማ ሠሪው የጥርስ ሐኪም መሆኑን ሲሰማ አፉን ከፍቶ መጣና «መንጋጋዬን እይልኝ» አለኝ። ሳቅኩ። ከሰኔ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትምህርትሽን አከብራለሁ፣ ነገር ግን አርባ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነውና ላርምሽ። ቁልፍ ስለገጠመ ብቻ አይከፍትም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት የባሏን መሳቢያ ቁልፍ ከሳሙና ላይ አስቀርጻ አመጣችልኝ። ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን አይዞርም፤ አንዷ ጥርስ ሳትሞረድ ቀርታለች። መግባት ሌላ፣ መዞር ሌላ። ቫይረሱ እጅ የለውም ካልሽ የሚያዞረው እጅ የማን ነው? ደግሞስ ለሌሊት ወፍ፣ ለፈረስና ለሰው አንድ ዓይነት ቁልፍ የገጠመ ሰው ሰነፍ ባለሙያ ነው ልል ነበር፤ ባለሙያው ማን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ።

ስለ በር ብዙ ነገርሽኝ። ስለ ቤቴ ግን ዝም አልሽ። «ምናልባት» ለምትለው ቃል ያን ያህል ወረቀት አያስፈልግም ነበር። አንቺ ልጅ ሆነሽ እንኳ ነገር ስትደብቂ ቃላት ይበዙብሽ ነበር።

እዚህ ያለውን ልንገርሽ። ከሰኔ ወዲህ ደንበኞቼ እጅ አይሰጡኝም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ያስቀምጡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ስጨርስ እኔም ወረቀቱ ላይ እመልስላቸዋለሁ። ጫማ ሠሪው ብቻ እንደ ድሮው ትከሻዬን ይመታኛል፤ እሱም ቢሆን ምሳውን ለብቻው መብላት ጀምሯል። አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት። ቤት ስገባ ደግሞ ሁለት ሰሃን አወጣና አንዱን መልሼ አስገባለሁ።

ሸሚዙን ከማስጫው ገመድ ላይ አውርጄ የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አንገትጌው ሲያልቅ ገልብጣ የሰፋችው ሸሚዝ ነው። ልጥለው አልቻልኩም፣ ልለብሰውም አልቻልኩም። ሻርፗን ደግሞ አጣሁት። ከመታመሟ በፊት «ጠፋብኝ» ብላኝ ነበር፣ እኔም ቤቱን ሁሉ ገለበጥኩ፣ የለም። የእሷ ሽታ ያለበት ነገር እሱ ነበር፤ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ከእንግዲህ ሞረድም መነጽርም አልጠይቅሽም። አንዲቷን ነገር መልሺልኝ፦ እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 22

ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ክረምቱ እዚህ ገብቷል፤ የእርስዎን ደጅ ያሙቅልዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልዎ ግማሹ እውነት ነው።

ጥያቄዎን ለአለቃዬ ነገርኩት። ሳቀና «ይህን ሰው እንቅጠረው» አለ፤ እኛ ለማወቅ ዓመታት የፈጀብንን ነገር ነው የጠየቁት። የሚያዞረው እጅ የራሳችን ነው። ሴሉ ለዕለት ሥራው የሚጠቀምባቸው መቀሶች አሉት። የቫይረሱ ፕሮቲን ሲሠራ እንደ ተጨመቀ ሞላ ታጥፎ ነው፤ የሴሉ መቀስ አንድ ቦታ ላይ ሲቆርጠው ለመፈናጠር ይዘጋጃል። በሩን ሲይዝ ይፈናጠርና የቫይረሱን ስብና የሴሉን ግድግዳ ጎትቶ ያጣብቃቸዋል። ሁለቱ ይቀላቀሉና አንድ ግድግዳ ይሆናሉ፣ ውስጡ ያለውም ይገባል። የሚሰበር ነገር የለም። እርስዎ ያሏት ያቺ ያልተሞረደች ጥርስ እዚህ የምትሞረደው በባለቤቱ ሞረድ ነው።

ታኅሣሥ 3 የሞከርነው ፕሮቲን ከአንድ ታሞ ከሞተ ፈረስ የተገኘ ነበር። ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ አገር አይጻፍም፤ ከየትም ሊሆን ይችላል፣ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። የሰው ሴል ያለበትን ሳህን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ከጠበቅነው አርባ እጥፍ ብርሃን ሰጠ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ፣ ትልቅ ውጤት ነውና። እኔ ጓንቴን አውልቄ ዕቃ ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘግቼ በካርቶኖቹ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አክስቴ እትዬ ናቸው የታዩኝ። ስመለስ አንዷ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለችኝ፣ አቧራ ነው አልኳት። የምንሠራው አቧራ በማይገባበት ቤት ውስጥ ነው።

ሸሚዙን ከሳጥኑ ያውጡት። ቫይረሱ ከአካል ውጭ ደርቆ ይህን ያህል ወር አይቆይም፤ የታጠበ ልብስ ነው፣ ይልበሱት። ስለ ሰማያዊው ሻርፕም ብዙ አይዘኑ። የጠፋ ዕቃ ሲፈልጉት ይሸሻል፣ ሲተዉት ይመጣል።

የጠየቁኝን እርግጠኛ መልስ ግን እኔም የለኝም። ቢኖረኝ እነግርዎ ነበር።

ልጅዎ


ጥር 4

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው።

ሻርፑን የገዛሁላት ግንቦት 20 ነው። አንቺ አገር ቤት ሳለሽ የምታውቂው የድሮውን ቡኒውን ነው። እኔ «ሻርፗ» ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፤ ቀለሙን አልጻፍኩም። ቀለሙን ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሎኝ እንደተውኩት አስታውሳለሁ።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ። በር ተነካክቶ እንደሆነ ከጭረቱ አውቃለሁ። ሰማያዊ መሆኑን ማን ነገረሽ?

አጎትሽ


ጥር 24

አጎቴ፣

ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እርስዎ ጤና ይሁኑልኝ፣ ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ሰኔ 3 የጻፉልኝ ደብዳቤ እኔ ጋ አለ። በደብዳቤዬ ሁሉ የሸሸሁት እሱን ነው። እንዳለ ልገልብጥልዎ፦

«ጥያቄዬ፣ ችኩል ታማብናለች። አጎትሽ አትጠጊ ብሎኛል፣ እሺ ብዬዋለሁ። ግን እሱ ሱቅ ሲሄድልኝ እሄዳለሁ፤ ብቻዋን ስታጣጥር ማየት አልቻልኩም። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ በአዲሱ ሰማያዊ ሻርፔ አፍንጫዋን እጠርግላታለሁ። ትናንት ፊቴ ላይ አነጠሰችብኝና ሳቅኩባት፣ ጌታዋን መሰለችኝ። ሻርፑ ስለተበላሸ ዛፉ ሥር ቀበርኩት፤ ለአጎትሽ ጠፋብኝ እለዋለሁ፣ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውምና ይቆጣል። አንቺ የምታጠኚው ነገር አይደል፣ እስቲ ንገሪኝ፦ እንዲህ ያለው በሽታ ወደ ሰው ይሻገራል እንዴ? መልሱን በእኔ ስም ላኪው። ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ሆድ ይፍጀው።»

ስለዚህ ሸሚዙ አይደለም፣ አጎቴ። ትንሽ እርጥበት የነካው እጅጌና ፊት ላይ የመጣ ትንፋሽ አይወዳደሩም። እትዬ ሦስት ቀን ሙሉ የችኩልን ጭንቅላት ታቅፈው ነበር። እርስዎ ምንም ይዘው አልገቡም። ስለዚህ ጉዳይ ከምናልባት በላይ አውቃለሁ፣ መጀመሪያም አውቅ ነበር።

ለምን እስከ ዛሬ ደበቅኩዎ? እትዬ እንዳትነግሪው ስላሉ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኔ ቤቴ የምገባው ለመተኛት ብቻ ነበር። ደብዳቤዎቹን ከፖስታ ሳጥኑ እያወጣሁ ሳልከፍት ወንበሩ ላይ እከምራቸው ነበር፤ የሚቀመጥበት እንግዳ የለኝምና። የከፈትኳቸው ሐምሌ 20 ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን የእርስዎን ከፈትኩ፣ መርዶውን። ከሥሩ የእሳቸውን አገኘሁ። ሰኔ 3 የተጻፈ ነው። ፖስታ አሥር ቀን ይፈጃል። ሰኔ 13 ወንበሬ ላይ ነበር ማለት ነው። እትዬ እስከ ሰኔ 18 ኖረዋል።

አምስት ቀን ነበረኝ። ለጫማ ሠሪው ስልክ ደውዬ «ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው፣ ከፈረስ የመጣ በሽታ ነው በሏቸው» ማለት እችል ነበር። መድኃኒት የለውም፤ ቶሎ የተደረሰለት ሰው ግን አንዳንዴ ይተርፋል። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው፣ እትዬ የጠየቁት ከእነዚያ አንዷን ነበር፣ እኔ ደግሞ ፖስታውን አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩልዎ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለ ሻርፑ ከነገርኩዎ ስለ ሰኔ 13ም መንገር ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያለኝን አንድ ዘመድ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። እርስዎ በሸሚዝ ሲቃጠሉ እያየሁ ለራሴ ስል ዝም አልኩ።

ከእንግዲህ ባይጽፉልኝ አልፈርድብዎትም።

ጥያቄ


የካቲት 6

ለልጄ ለጥያቄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እንባሽን ያብሰው፤ ካርቶን መሃል ቆመሽ ከማልቀስ ይሰውርሽ። ይህንን ምርቃት ከአክስትሽ አልሰማሁትም፣ የራሴ ነው።

ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ። ሱቁን ዘግቼ አነበብኩት። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። እሺ ብላኝ! ዓይኔን እያየች እሺ ብላኝ! ወንበሩን ረግጬ ጣልኩት፣ ጫማ ሠሪው ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፣ እኔ ደግሞ የሚለውን አልሰማ። ከዚያ ችኩል ብቻዋን እንዳልሞተች ሳስብ ንዴቱ በረደልኝ። አክስትሽ የታመመ ነገር ጥላ የምትሄድ ሰው አልነበረችም፤ እኔስ ያገባኋት ለዚያ አይደል። ዛፉ ሥር ሄጄ ነበር። አልቆፈርኩም። የቀበረችው እሷ ናት፣ እንዳለች ይቆይ ብዬ ተመለስኩ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አንቺ ብርሃን እንኳ የምትቆጥሪ ልጅ ምስማሩን ረሳሽው።

አክስትሽ ሰኔ 3 ፖስታውን አሽጋ ሰጠችኝና «ዛሬውኑ ላክልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሷ እሺ ብላኝ ወደ ባዝራዋ እንደሄደች፣ እኔም እሺ ብያት ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። የጫማ ሠሪው ደብዳቤና የእኔ የግብር ወረቀት ተጨምረው ሦስት እስኪሆኑ ተሰቅሎ ቆየ። የላክሁት ሰኔ 14 ነው፤ ትኩሳት ይዟት ተኝታ፣ ሎሚና ሳሙና ልገዛ ስወጣ መንገዴ ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ። ውስጡ ምን እንዳለ አላወቅኩም። «ላክህልኝ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ደግሞ «ድሮ!» ብያት ነበር። መልስ እየጠበቀች ነበር፣ ልጄ። በየቀኑ ወደ በሩ ታይ ነበር፣ እኔ ሐኪሙን የምትጠብቅ መስሎኝ።

ሰኔ 14 ላይ አሥር ቀን ጨምሪበት። አንቺ ወንበር ላይ ሲደርስ እሷ ካረፈች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። አምስት ቀን አልነበረሽም፤ አንድም ቀን አልነበረሽም። ላጽናናሽ ብዬ የፈጠርኩት እንዳይመስልሽ፣ ፖስታውን ካልጣልሽው አውጥተሽ ማኅተሙን እይው።

የእኔ አሥራ አንድ ቀን ግን ነበረ። በዕለቱ ብልከው ኖሮ በጊዜው ይደርስሽ ነበር። ትከፍቺው ነበር ወይስ አትከፍቺውም ነበር፣ ብትከፍቺውስ ትተርፍ ነበር ወይ፣ በእናንተ ሙያ መልሱ ምናልባት ነው ብለሻል። ያን ምናልባት እኔ እይዘዋለሁ። እኔ የደረስኩበት ዕድሜ ላይ ሰው ከምናልባት ጋር መኖር ይችላል፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሥራ አለብሽ። የሚመጣውን ደብዳቤ ክፈቺ፣ ወንበሩንም ለሚቀመጥበት ሰው ልቀቂው።

ባይጽፉልኝ አልፈርድብዎትም ትያለሽ። ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን ልጻፍ? ለጫማ ሠሪው? እሱ አጠገቤ ነው፣ ያውም ማንበብ አይወድም።

ሳጥኑን ትናንት ከፈትኩት። ጓጉንቸሩ ዝጎ አስቸገረኝ፣ በላክሽልኝ ሞረድ ነው ያስለቀቅኩት። ሸሚዙን እንደገና አጥቤ ዛሬ ለብሼዋለሁ። ከስቼ ኖሮ ሰፍቶኛል፤ አንገትጌው ግን ስፌቱ ደህና ነው።

ምስማሩንም ነቅዬዋለሁ። ጫማ ሠሪው ለልጁ የሚልከው ደብዳቤ እስከ ሐሙስ ያልቃል፣ ትንሽ ጠብቀኝ ብሎኝ ነበር፣ አልጠበቅኩትም። ይህንን ለብቻው ይዤው አሁን መውጣቴ ነው። ሲደርስሽ ከመክፈትሽ በፊት ማኅተሙን እይው፤ የካቲት 6 ይላል።

አጎትሽ